አጠብኳት፣ ዘይት ቀባኋት፣ ጎማዋን ነፋሁ፤ ከዚያ ተበላሸች

ጥያቄ፦

«የዘጠኝ ዓመት ልጄ ትራያል የሚባለውን የሞተር ሳይክል ስፖርት ጀምሯል። ያገለገለች፣ 80 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ገዛንለት። ስለ መካኒክነት የማውቀው የለም፤ ቢሆንም ልጄ በሚወደው ነገር ከጎኑ ልሁን ብዬ እንክብካቤዋን እኔ ያዝኩት። ባለፈው ጭቃ በጭቃ ሆና ስትመጣ በኃይለኛ የውሃ ግፊት አጠብኳት፣ ካቴናዋ ላይ በጣሳ የሚነፋ ዘይት ነፋሁ፤ ጎማዎቿም ልል ሆነው ስላገኘኋቸው እንደ መኪናችን ጎማ ጠጠር እስኪሉ ሞላኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይነሳና ጋዝ ሲሰጠው ይታፈናል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የኋላው ፍሬን ይጮኻል፣ አይዝም። ልጄም ‹ድንጋይ ላይ ትነጥርብኛለች› ይላል። ባለቤቴ ‹ሳታውቂ አትነካኪ፣ ለመካኒክ ስጪ› እያለኝ ነው፤ ልጄ ደግሞ አብሬሽ ልሥራ ብሎ ይለምነኛል። ሞተሩን እንዴት ልማር? ከየት ልጀምር?»
እጇ ዘይት የነካ እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ልብሽ ይረፍ። ከጻፍሽው ውስጥ ለዘለቄታው የተበላሸ ነገር አይታየኝም። ሦስቱም ችግሮች ከዚያች አንድ ቀን ሥራ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም እቤት ይስተካከላሉ። እኔን የከነከነኝ ከሞተሩ ልጀምር ማለትሽ ነው። ሞተሩ እንቢ ቢል ልጅሽ ያኮርፋል፣ እየገፋ ይመለሳል፣ በቃ። ፍሬኑ ባይዝ ወይም ጋዙ ተከፍቶ ቢቀር ግን ከመሬት የምታነሺው ልጁን ነው። ስለዚህ እጁና እግሩ ከሚነካቸው ነገሮች እንጀምር፤ ሞተሩ ተራውን ይጠብቅ። ፍሬኑ እስኪስተካከል ድረስም፣ «አንድ ዙር ብቻ» ብሎ ቢለምንሽ እንኳ፣ አይንዳ።

ትራያልን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። የፍጥነት ውድድር አይደለም። ድንጋይ፣ ግንድ፣ ጅረትና ዳገት ያለበትን አጭር መንገድ እግር መሬት ሳይነካ ማለፍ ነው። እግሩን አንዴ ያስነካ 1 ነጥብ ይያዝበታል፣ ማለፍ ያቃተው 5፤ ጥቂት ነጥብ የተያዘበት ያሸንፋል። ነጂው ቆሞ ስለሚነዳ ሞተር ሳይክሏ ይህ ነው የሚባል መቀመጫ የላትም። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ግን ቶሎ ቶሎ ትወድቃለች። እንክብካቤዋ ከሌሎቹ ሞተር ሳይክሎች የሚለየውም በዚህ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች ከማለት ይልቅ ዛሬ በየት በኩል ወደቀች ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የሚጮኸውና የማይዘው ካቴናው ላይ የነፋሽው ዘይት ስለደረሰበት ነው ማለት ይቻላል። በጣሳ የሚነፋ ዘይት እንደ ጉም ነው የሚወጣው። ካቴናው በአንድ ጎን፣ የፍሬኑ ዲስክ በሌላው ጎን ቢሆንም በቸርኬው ሽቦዎች መካከል አልፎ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ዲስኩ ብረት ስለሆነ ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ በፍሬን ማጽጃ ወይም በንጹህ አልኮል የራሰ ጨርቅ ይዘሽ፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ደጋግመሽ ጥረጊው። ይህንን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት አድርጊው። የፍሬን ሸራው ግን ዘይት ይጠጣል። ላዩን ብቻ ከነካው በአሸዋ ወረቀት ስስ አድርጎ መፈግፈግ አንዳንዴ ይበቃል። ውስጡ ከገባ ግን ስታጸጂው የዳነ ይመስልና ፍሬኑ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። በልጅ ሞተር ላይ ከምትጠራጠሪ ቀይሪው፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ለእሱ ብለሽ አትቆጥቢ። አዲስ ሸራ ካስገባሽ በኋላ ልጁ ከመውጣቱ በፊት የፍሬኑን ፔዳል ጠንከር እስኪል ደጋግመሽ ርገጪ። የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው የሚሆነው፤ ልጁ ያንን ባዶ እርግጫ ቁልቁለት ላይ እንዲያገኘው አትፈልጊም። ከዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄደ ጥቂት ጊዜ እየያዘ ይልቀቅ፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ የፊት ፍሬኑን እጀታ ልጅሽ ይደርስበታል? ልጁ እንደሚነዳ ሆኖ ቆሞ መሪውን ይያዝና አንድ ጣቱን ብቻ እጀታው ላይ ያሳርፍ። የጣቱ የመጀመሪያ አንጓ እጀታውን መጨበጥ አለበት። በጣት ጫፍ ብቻ የሚነካው ከሆነ ሲደክመው ይለቀዋል። ብዙዎቹ እጀታዎች ግርጌያቸው ላይ ርቀቱን የሚያቀርብ ትንሽ ቡሎን አላቸው። ስታቀርቢው እጀታው መጨረሻ ድረስ ተጨብጦ መሪውን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ። የፍሪሲዮኑም እንዲሁ ነው። እጀታው የሚዞርበትን ቡሎን ፈተሽ፣ ጠረግ አድርገሽ ግራሶ ቀቢው፤ ለአዋቂ የማይታወቅ መንቀርፈፍ ለልጅ እጅ ትልቅ ድካም ነው። የትራያል ሰዎች እጀታውን ከመሪው ጋር የሚያስረውን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው አያጠብቁትም። በእጅ ጉልበት እንዳይዞር፣ ወድቆ ድንጋይ ሲመታው ግን ዞር እንዲል አድርገው ይተዉታል። እንዲህ ሲሆን እጀታው አይሰበርም። የእጀታው ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ከተሰበረች ግን ቀሪው ስለት ነው፤ በዚያው ቀን ይቀየር።

ቀጥሎ ጋዝ መስጫው ነው፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጋዙን እስከ መጨረሻ ክፈቺና ልቀቂው። «ቷ» ብሎ ራሱን መዝጋት አለበት። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙረሽ ድገሚው፣ ወደ ቀኝም እንዲሁ። አንዱ ጋ ከዘገየ ካቦው ተጣሟል ወይም ተወጥሯል ማለት ነው። ሁሉም ጋ ከዘገየ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጨበጫው ውስጥ ነው። በውድቀት የመጨበጫው ጫፍ ሲቀደድ ጭቃና አሸዋ ይገባል፣ የሚዞረው ቱቦም ከመሪው ጫፍ ጋር ይፋተጋል። አውጥተሽ ቱቦውንም መሪውንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ግራሶ እዚህ አያስፈልግም፤ አሸዋ ይሰበስባል። ይህ ምርመራ ልጁ ከመንዳቱ በፊት ሁልጊዜ ይደረግ፤ ከከባድ ውድቀት በኋላም እዚያው ሜዳው ላይ ይደገም።

ከጋዙ ጋር አብሮ የሚታየው ልጁ እጁ ላይ የሚያስራት የሞተር ማጥፊያ ገመድ ናት። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) እየሠራ ሳለ ሳቢያት፤ ካልጠፋ ጉዞ የለም። ገመዷ አለች ብሎ መተማመን አይበቃም፤ ማጥፊያው ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ እንዲህ ከታጠበች በኋላ።

የጎማው ነገር ደስ ይላል፤ ምክንያቱም የጎማው ልል መሆን ብልሽት አልነበረም። ትራያል ጎማ ልል ሆኖ ነው የሚሠራው። አዋቂዎች የሚነዷቸው የትራያል ሞተሮች ከፊት 0.4 ባር፣ ከኋላ 0.3 ባር አካባቢ ነው የሚሞሉት። የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ ይይዛል። ጎማው ሲለሰልስ ድንጋዩን እንደ መዳፍ ያቅፈዋል፤ ሲጠጥር ግን ልጅሽ እንዳለው ይነጥራል፣ ርጥብ ድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። ልጅሽ ቀላል ስለሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ወዳለው በኩል መጠጋት ትችላላችሁ፤ መነሻው ግን የሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ ይሁን። የመኪና ጎማ መለኪያ እዚህ አይጠቅምም፤ በዚህ ዝቅተኛ ቦታ መርፌው ቢያሳይም አታምኚው። እስከ 1 ባር ብቻ የሚለካ መለኪያ ፈልጊ። ለዚህ ሥራ ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ቅድሚያ የምሰጠው ለእሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጎማው ውስጥ ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) ካለ፣ አየሩ ከመጠን በላይ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል። የአየር መሙያው አፍ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ዘመም ካለ ይህ እየሆነ ነው ማለት ነው። ከመቀደዱ በፊት አየሩን አስወጥተሽ ጎማውን ወደ ቦታው መልሺ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምረሽ ሙዪ። የፊት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከመነዳሪ አለው፤ የኋላው በትልልቆቹ ሞተሮች ያለ ከመነዳሪ ነው፣ በትንንሾቹ ግን ሊኖረው ይችላል።

አሁን ሞተሩ። የሚታፈነው ውሃ ጠጥቶ ይመስለኛል። በኃይለኛ ግፊት የተለቀቀ ውሃ የማይገባበት የለም፤ አየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ፣ ካንዴላው (እሳት የሚጭረው) ቆብ ሥር፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ይገባል። በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሺ። ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። ርጥብ ከሆነ አውጪውና ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢው፤ እንደ ልብስ አትጠምዝዢው፣ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ አድርጊ። በቤንዚን የሚያጥቡ ሰዎች ታያለሽ፤ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፣ የስፖንጁንም ማጣበቂያ ይፈታዋል። ጥላ ላይ በደንብ ከደረቀ በኋላ የፊልትሮ ዘይት ነክረሽ፣ ሁሉም ቦታ እስኪዳረስ አሽተሽ፣ ትርፉን ጭመቂው። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ አቧራ ያሳልፋል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ የገባ አቧራ ደግሞ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላል። ሳጥኑንም ከውስጥ ጥረጊው። ልጁ ይህን ሥራ ይወደዋል፤ ጓንት አልብሺው እንጂ።

የካንዴላውን ቆብ ነቅለሽ አድርቂው። ካንዴላውን ራሱን የምታወጪው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ጫፉ ወደ ቡና ቀለም ካደላ ጤነኛ ነው፤ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ሞተሩ በነዳጅ እየታነቀ ነው። ስትመልሺው መጀመሪያ በእጅሽ አዙሪው። በመፍቻ ከጀመርሽ ጥርሱን ስታበላሺው እንኳ አይታወቅሽም፤ የሞተሩ ራስጌ አሉሚኒየም ስለሆነ የሚያሸንፈው ካንዴላው ነው። ካርቡራተሩ ሥር ነዳጅ ማፍሰሻ ቡሎን አለ። የነዳጁን መዝጊያ ዝጊና በሚያሳይ ብልቃጥ ውስጥ አፍስሺው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር እንደ ዶቃ ተንጠባጥቦ ይታያል። ካየሽው ችግርሽን አገኘሽ።

ከእንግዲህ ስታጥቢያት ውሃው ግፊት አይኑረው። ባልዲ፣ ስፖንጅና ብሩሽ ይበቃሉ። የመሪውን አንገት፣ የቸርኬውን መሐልና የኋላውን የአሞርዛተር መገጣጠሚያ በግፊት ውሃ የሚመታ ሰው ኩሽኔታዎቹን እያጠፋ ነው፤ ግራሶው ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ የሚሰማው ከወራት በኋላ ነው። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ድፈኚው፣ ከጨረስሽ በኋላም ጨርቁን አውጪ። (የማይረሳ ይመስላል፤ ይረሳል።) ሲያበቃ ደጅ ላይ አስነስተሽ ትንሽ ይሙቅ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር ማስነሳት ለደቂቃም ቢሆን አይሞከር፤ የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ነው የሚጎዳው።

ስለ ነዳጁ ዝም ብዬ አላልፍም። ባለ ሁለት ምት የትራያል ሞተር ብዙ ጊዜ የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅይው ዘይት ነው። ዘይት የሌለው ቤንዚን አንዴ ከሞላሽ ሞተሩ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል ማለት ነው። የትራያል ሞተር ከሚሠሩት ቤታ የጣሊያን፣ ጋስ ጋስ የስፔን ልጆች ናቸው፤ መመሪያቸው ልኩን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው የሚጽፈው። 2 በመቶ ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ አንዳንዱ ሰው «አንድ ለሃምሳ» የሚለው ይሄንኑ ነው። 1.5 በመቶ ከሆነ 15 ሚሊ ሊትር። በመለኪያ ሲሪንጅ ለኪ፣ በግምት አታፍስሺ። «ለልጄ ሞተር ጨመር ላድርግላት» ማለትም ደግነት አይሆንም፤ ትርፉ ዘይት ካንዴላውን ያጨቀያል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። የተቀላቀለውን ጀሪካን «ተቀላቅሏል» ብለሽ ከቀኑ ጋር ጻፊበት፤ ከወር በላይ የቆየውን ለልጁ ሞተር አትጠቀሚበት። ነዳጁን መቅዳት ያንቺ ሥራ ነው፣ ልጁ ይመልከት። የማርሽ ዘይቱ ከዚህ የተለየ ነው። ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚዋኝ መመሪያው ያላለውን የመኪና ሞተር ዘይት ከጨመርሽ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል። ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሚጨመረውን ቋቱ ክዳን ላይ አንብቢ። አንዳንዱ የፍሬን ዘይት፣ አንዳንዱ የማዕድን ዘይት ነው የሚወስደው፤ ከተሳሳተ ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ያብጣሉ።

ካቴናው ራሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኋላውን ጎማ በእጅሽ እያዞርሽ፣ ዘይቱን በብሩሽ በታችኛው ካቴና የውስጥ በኩል ቀቢ፤ ዲስኩን በጨርቅ ሸፍኚ፣ ትርፉን ጥረጊ። ሞተሩ እየሠራ ካቴና የሚያጸዳ ሰው ጣቱን የሚያጣው በዚያ ቅጽበት ነው። የልጅ ጣት ደግሞ ካቴናው ጥርሳማውን ክብ ብረት በሚነክስበት ቦታ በቀላሉ ይገባል፤ ስለዚህ የኋላው ጥርስ ሥር ያለው መከላከያ ከተሰበረ ሳይመለስ አትንዱ። ካቴናው ላይ የልጅሽ እጅ አይኑር።

ልጆቻቸው እንደ ኦሴት ያሉ የኤሌክትሪክ ትራያል ሞተሮች የሚነዱ ወላጆችም አልፎ አልፎ ይጽፉልኛል። ፊልትሮና ነዳጅ የላችሁም፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ካቴናውና ማጥፊያው ግን አንድ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለው «ጠፍቷል» ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ፤ መጀመሪያ ማጥፊያውን ንቀሉ። ሊቲየም ባትሪ በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ ከመውጫ በር ራቅ ብሎ ይሞላ። ያበጠ ወይም ተመትቶ የተሰነጠቀ ባትሪ አይሞላም።

ልጅሽ አብሬሽ ልሥራ ማለቱን እንደ ጨዋታ አትዪው። ማጠብ፣ መጥረግ፣ የጎማውን አየር ማንበብ፣ ጋዙን «ቷ» ማስደረግ፣ የማጥፊያውን ገመድ መሳብ የእሱ ይሁኑ። የሚያጸዳ ሰው ስንጥቅ ያያል፣ የላላ ዳዶ ያገኛል። ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ይበቃል። እሱ ያገኘውን አንቺ በመፍቻ ታጠብቂያለሽ፤ የመሪውን፣ የእግር መርገጫዎቹንና የሁለቱን ጎማዎች ዘንግ ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ፈትሹ። ግን በጉልበት አታጥብቂ። እነዚህ ሞተሮች ቀላል እንዲሆኑ ብዙ አሉሚኒየም አለባቸው፤ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ ብትይዢ ይሻላል።

ባለቤትሽ ግማሹን ልክ ነው። የሞተሩ ውስጥ፣ በከፍተኛ ግፊት ጋዝ የተሞላው የኋላ አሞርዛተር፣ የተጣመመ የፊት ሹካ፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ፣ አየር የገባበት ፍሬን የመካኒክ ናቸው፤ አትንኪያቸው። ፊልትሮውን አድርቀሽ፣ ካርቡራተሩን አፍስሰሽ፣ ካንዴላውን አጽድተሽ፣ አዲስ የተቀላቀለ ነዳጅ ሞልተሽም ከታፈነ ውሰጂው። ስትወስጂው «በግፊት ውሃ ታጥቦ ነበር፣ እነዚህን አድርጌያለሁ» ብለሽ ንገሪው። ይህን ካልነገርሽው ሞተሩን ከሥር ጀምሮ መፈተሽ ይጀምራል።